የኅዳር ወር ሳምንታዊ የአየር ጠባይ ትንበያ እንዴት ይነበባል?

በመፀው ማገባደጃ፣ ከኅዳር መባቻ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ባሉት ሳምንታት፣ ከሜትዮሮሎጂ መሥሪያ ቤት ወደየዞኑና ወደየወረዳው የሚላከው የሳምንት ወይም የአሥር ቀን የአየር ጠባይ ትንበያ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓይነት ቃል ይጀምራል። ደረቅ፣ ፀሐያማና ነፋሻ የአየር ጠባይ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ያመዝናል፤ በደጋማ ስፍራዎች የሌሊቱና የማለዳው ቅዝቃዜ ይበረታል፤ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ቆላዎች አልፎ አልፎ ዝናብ ይጥላል የሚል ነው። ይህን የሚያነበው የዕርዳታ ሠራተኛ ቃሉ ካለፈው ሳምንት ጋር፣ ከዓምናውም ኅዳር ጋር አንድ ሆኖ ስለሚያገኘው፣ ወረቀቱን መዝገብ ውስጥ አስቀምጦ ወደ ሌላው ሥራው ያልፋል።

እንዲህ ማድረጉ አያስደንቅም፤ ነገር ግን ከፍ ያለ ጉዳት ያስከትላል። «ደረቅ» የሚለው አንድ ቃል ለሰሜን ሸዋ ጤፍ አጫጅ የምሥራች ሲሆን፣ ለቦረና ከብት አርቢ መርዶ ነው። በላስታ ደጋ ከሸራ ሥር ልጆቿን አቅፋ ለምታድር እናት የብርድ ማስጠንቀቂያ ሲሆን፣ በመተከል ረጅም ሣር መካከል ጎጆ ለቀለሰ ሠፋሪ ደግሞ የእሳት ወራት መቃረብ ነው። ትንበያውን የሚያዘጋጀው ባለሙያ ለአገሪቱ በሙሉ ስለሚጽፍ እነዚህን አራት ትርጉሞች ለይቶ ሊያስቀምጥ አይችልም። ለይቶ መተርጎም የወረዳው ባለሥልጣንና የዕርዳታ ሠራተኛው ሥራ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሳምንታዊው ትንበያ የማይናገረውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የኅዳር ሳምንት ትንበያ ስለ ድርቅ መምጣት አያስጠነቅቅም። በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ ድርቅ ቢኖር የተወሰነው በበልግና በክረምት ነው። በ1976 ዓ.ም. በልጉ ቀርቶ ክረምቱም በመክሸፉ፣ በ1977 ዓ.ም. ኅዳር በወሎና በትግራይ ብዙ አውድማ ባዶውን እንደ ቀረ የሚታወቅ ነው። በዚያ ወር ማንም ትንበያ ሰጪ ምንም ቢል ያለፈውን ክረምት ሊመልሰው አይችልም ነበር። ሳምንታዊው ትንበያ የሚያመለክተው ከተረፈው ጥቂት ነገር፣ ማለትም ከእህሉ፣ ከከብቱ፣ ከሰውም ጉልበት ምን ያህሉን በሚመጡት ሰባት ቀናት ማዳን እንደሚቻል ነው። ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ሦስት ኩንታል ብቻ ላገኘ ቤተሰብ ግን የአንዱ ኩንታል መበስበስ የሁለት ወር ምግብ ማጣት ነው።

የበጋው ደረቅ ነፋስና ጣልቃ የሚገባው ዝናብ

በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ መፀው ይባላል። የሜትዮሮሎጂ ባለሙያዎች ግን ዓመቱን በክረምት፣ በበጋና በበልግ ለሦስት ስለሚከፍሉት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ ያለውን ጊዜ በሙሉ በጋ ይሉታል። በኅዳር የሚመጣ መግለጫ ስለ በጋ ሲናገር አንባቢው ግር እንዳይለው ይህን ማስታወስ ይበጃል።

በክረምት ወራት ወደ ሰሜን ዘልቆ የነበረው የነፋሳት መጋጠሚያ ቀበቶ ከመስከረም ጀምሮ ወደ ደቡብ ያፈገፍጋል። በኅዳር ወር ሰሜኑን፣ ምሥራቁንና መካከለኛውን የአገሪቱን ክፍል ለቆ ይሄዳል። በእርሱ ፋንታ ከእስያ ምድርና ከዐረብ ባሕረ ገብ መሬት ከፍተኛ የአየር ግፊት የሚነሣ ደረቅና ቀዝቃዛ ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅና ከምሥራቅ ይነፍሳል። ሰማዩ ይጠራል። ቀን ፀሐይዋ ትበረታለች፤ ሌሊት ግን እንደ ብርድ ልብስ የሚሸፍን ደመና ስለማይኖር ምድር የቀኑን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቅቃለች።

ይህ ሥርዓት አንዳንድ ጊዜ ይሰበራል። ከሜዲትራኒያን ባሕር አቅጣጫ የሚመጣ የከፍታ ነፋሳት ሞገድ ወደ ደቡብ ጠልቆ ሲገባ፣ ከሕንድ ውቅያኖስና ከቀይ ባሕር የሚመጣውን እርጥበት ወደ ላይ እያነሣ ባልተጠበቀ ጊዜ በደጋው ላይ ዝናብ ያዘንባል። ኤል ኒኞ በሚከሰትበት፣ ወይም የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከልማዱ በላይ በሚሞቅበት ዓመት ይህ ነገር ይበረክታል። በ1990 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር የጣለው ያለወቅቱ ዝናብ የደረሰ ሰብል አበላሽቷል። በ2012 ዓ.ም. በዚሁ ወቅት በምሥራቅ አፍሪካ የጣለው ከባድ ዝናብ ጎርፍ ከማስከተሉም በላይ የበረሃ አንበጣ እንዲራባ ምቹ ሁኔታ ፈጥሯል። እንግዲህ «ደረቅ» የሚለው የተለመደ ቃል ተለውጦ «በአንዳንድ የሰሜንና የመካከለኛው ደጋ ስፍራዎች ያለወቅቱ ዝናብ ይኖራል» የሚል ሐረግ በመግለጫው መካከል ሲገኝ፣ ያ ሐረግ የወሩ ዋና ዜና ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በመሐል ወይም በመጨረሻ ስለሆነ መግለጫውን እስከ መጨረሻው ማንበብ ግዴታ ይሆናል።

ከማሳ እስከ ጎተራ

በኅዳር የደጋው እህል በሦስት ቦታ ይገኛል፤ ከማሳ ላይ ቆሞ፣ ታጭዶ በነዶና በክምር፣ ወይም ከአውድማ ላይ ተበትኖ። ያለወቅቱ የሚመጣ ዝናብ በሦስቱም ላይ ያለው ጉዳት እኩል አይደለም። የቆመው ጤፍ ይጋሸባል፤ ከመሬት ተኝቶ ከዘገየም ፍሬው ይረግፋል። በሥርዓት የተከመረው፣ ዛላው ወደ ውስጥ ጭራሮው ወደ ውጭ ሆኖ አናቱ በጭድ የተከደነው ክምር ብዙ ዝናብ ይችላል፤ አባቶች ያወረሱት ይህ አከማመር የገበሬው ዋስትና ነው። ከሁሉ የሚጎዳው ታጭዶ ሳይከመር በነዶ የቆየውና በአውድማ የተበተነው ነው። ሁለት ሦስት ቀን እርጥበት ያገኘው ነዶ ውስጡ ይሞቃል፤ ይበቅላል፤ ይሻግታል። ከአውድማ ላይ የረጠበ ምርት ደግሞ ከጭቃ ጋር ተለውሶ ከጥቅም ውጭ ይሆናል።

የዝናቡን መጠን ለመገመት አንድ ስሌት መያዝ ይጠቅማል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። በመሆኑም በአንድ ሄክታር ላይ 10 ሚሊ ሜትር ሲጥል 100 ሺህ ሊትር ውኃ ወርዷል ማለት ነው። በክረምት ይህ መጠን የሚነገር አይደለም፤ በኅዳር አውድማ ላይ ግን የዓመት ልፋት ያበላሻል።

ማስጠንቀቂያው ሲደርስ የሚሠራው ሥራ በመርሕ ደረጃ ቀላል ነው፤ የታጨደው ይከመር፣ የተበተነው ይሰብሰብ፣ የደረሰው ይታጨድ። አስቸጋሪው ቀኑ ነው። ትንበያው የሚናገረው በፀሐይ ቀን ሲሆን ገበሬው የሚቆጥረው በሥራ ቀን ነው። ለምሳሌ በኅዳር 12 እና በኅዳር 21 መካከል ያለውን ጊዜ እንመልከት። ኅዳር ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ የወሩ ገብርኤልና ኅዳር ጽዮን በእነዚሁ ቀናት ውስጥ ይውላሉ። እሑዶቹ ሲታከሉ፣ ቅዳሜም በሚከበርበት ስፍራ ቅዳሜው ሲታከል፣ ከአሥሩ ቀን ማጭድ የሚያዝበት አምስት ወይም ስድስት ቀን ቢሆን ነው። ዐርብ ከሰዓት በኋላ ለወረዳ የደረሰ የሰኞ ዝናብ ማስጠንቀቂያ ለብዙ አጥቢያ አንድም የሥራ ቀን አይተውም። ስለዚህ መልእክቱ ሐሙስ ከደረሰ በዚያው ሐሙስ ማታ ወደ ቀበሌ መድረስ አለበት። አስቀድሞ ከአጥቢያው ካህናትና ሽማግሌዎች ጋር የተነጋገረ የግብርና ሠራተኛ ሰብል ለማዳን ደቦ እንዲጠራ ፈቃዳቸውን ሊያገኝ ይችላል፤ በዕለቱ ሮጦ የሚጠይቀው ግን እሺታን ማግኘቱ ያጠራጥራል።

ሌላም መታወስ ያለበት ነገር አለ። በመረሬ አፈር ላይ በመስከረም የተዘራው ሽምብራና ጓያ የሚያድገው መሬቱ ውስጥ በቀረው እርጥበት ነው። ለጤፉ ጉዳት የሆነው ዝናብ ለእነዚህ ሊጠቅም ይችላል። የወረዳው ሪፖርት «ዝናቡ ሰብል ጎዳ» ብሎ በደፈናው ከሚያልፍ የትኛው ሰብል በምን ደረጃ ላይ እንደ ነበር ቢገልጽ፣ በጥር ወር የሚደረገው የዕርዳታ ፍላጎት ግምት ከእውነት የተጠጋ ይሆናል።

የሌሊቱ ብርድ

በጥቅምትና በኅዳር 1977 ዓ.ም. በኮረም የሆነውን ያዩ ሰዎች ከረኃቡ እኩል የሚያነሡት ብርዱን ነው። ኮረም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ምግብ ፍለጋ ከመጣ በኋላ፣ ብዙው መጠለያ ስላልነበረው ከሜዳ ላይ ያድር ነበር። በረኃብ የመነመነ ሰውነት ሙቀት የሚያመነጭበት ኃይል የለውም፤ ከቆዳው ሥር ብርድ የሚከላከል ስብም አልቋል። ጤነኛ ሰው በጋቢ ተጠቅልሎ የሚያልፈው ሌሊት ለእንደዚህ ያለ ሰው፣ በተለይም ለሕፃንና ለአዛውንት፣ የሞት ሌሊት ይሆናል። ንጋት ላይ በየቀኑ ብዙ አስከሬን ይለቀም ነበር።

ከዚህ የተነሣ «የማለዳው ቅዝቃዜ ይበረታል» የሚለው ቃል በደጋ መጠለያ ላለ ሠራተኛ ከማንኛውም የዝናብ ዜና ያነሰ አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ እንደ ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ፣ ወገል ጤና እና ሐረማያ ባሉ ጣቢያዎች የሌሊቱ ዝቅተኛ የሙቀት መጠን ከ5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። አኃዙ ሲነበብ ሦስት ማስተካከያ ያስፈልገዋል።

አንደኛው የከፍታ ነው። በቀን አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ጣቢያው ከከተማ፣ መጠለያው ከተራራው ወገብ ላይ ከሆነ ልዩነቱን ማስላት ይገባል። ሁለተኛው የመለኪያው ቦታ ነው። ቴርሞሜትሩ የሚቀመጠው ከመሬት 2 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በነጭ ሳጥን ውስጥ ሲሆን፣ ሰው የሚተኛው ግን መሬት ላይ ነው። ነፋስ በሌለበትና ሰማዩ በጠራበት ሌሊት የመሬቱ ገጽ ከዚያ በብዙ ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ጣቢያው 3 ወይም 4 ዲግሪ ባነበበበት ማለዳ ሣሩ ላይ አመዳይ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ከሁለቱ ይልቅ የሚዘነጋ ነው። የቀዘቀዘ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊቱን እንደ ውኃ ቁልቁል እየፈሰሰ በረባዳ ስፍራ ይተኛል። ኅዳር ሲታጠን አዲስ አበባን ያየ ሰው ይህን በዓይኑ አይቷል። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ሆኖ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሲቃጠል፣ ጭሱ ወደ ላይ ሳይወጣ እንደ ክዳን ከተማዋ ላይ ተንጣሎ ይቆያል፤ ከታች የተኛው ቀዝቃዛ አየር፣ ከላይ ያለው ሞቃት ሆኖ መውጫ ስለሚያሳጣው ነው። የመጠለያ ቦታ ሲመረጥ ደግሞ ሜዳ የሆነ፣ ለወንዝ የቀረበ፣ የጭነት መኪና የሚገባበት ረባዳ ስፍራ ይፈለጋል። ለሥራ የሚያመቸው ይህ ስፍራ በሌሊት ከአካባቢው ሁሉ የሚቀዘቅዘው ነው። ጥቂት ሜትር ከፍ ብሎ በዳገቱ ጥግ የተሠራ መጠለያ ውኃ ለመቅዳት ቢያስቸግርም ሌሊቱ ይሻለዋል። የመጠለያው በር ከሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ፊቱን ቢያዞር መልካም ነው።

ብርድ ልብስ ከመጋዘን ወጥቶ እስኪታደል ሳምንታት ስለሚፈጅ፣ ትንበያው ብርዱን ሲያበሥር ብርድ ልብሱ ከወረዳ መጋዘን መድረስ ነበረበት። ሳይደርስ ቢቀር በእጅ ያለ ሌላ ዘዴ አለ። ትኩስ ምግብ በማለዳ ብቻ ሳይሆን ከምሽቱ እንዲታደል ማድረግ፣ ከመሬት በላይ የሚነጠፍ ጭድ ማቅረብ፣ ምዝገባና ዕደላ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሳይሆን ከ3 ሰዓት በኋላ እንዲጀምር ማዘዝ ይቻላል። ሠራተኛው ቶሎ ለመጨረስ ሲል በማለዳ የጠራው ሰልፍ ሰዎች ሌሊቱን ሲጓዙ ወይም ከመጋዘኑ ደጅ ሲያድሩ እንዲነጋ ያደርጋል፤ ይህ በብዙ ስፍራ የታየ ልማድ ነው።

በቦረናና በሶማሌ ቆላዎች

ወደ ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ ሲኬድ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። በቦረና ሐጋያ፣ በሶማሌ ዴይር የሚባለው አጭር ዝናብ የሚጥለው በመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኅዳር ድረስ ነው። ለደጋው የመከር ሳምንት የሆነው ለዚያ አካባቢ ኩሬና በርካ የሚሞላበት የመጨረሻው ዕድል ነው። በኅዳር ሁለተኛ አጋማሽ «ደረቅ ይሆናል» የሚል መግለጫ ሲደርስ፣ አስቀድሞ የጣለው ዝናብ ጥቂት ከነበረ፣ ቀጣዩ ውኃ ከመጋቢት በፊት እንደማይገኝ ማወቅ ይገባል። ይህም አራት ወር ገደማ ነው።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የደረሰው ይኸው ነበር። የ2013 ዓ.ም. አጭር ዝናብ ከሸፈ፤ የዚያው ዓመት ዋና ዝናብ ከሸፈ፤ እንዲህ እያለ እስከ 2015 ዓ.ም. አጭር ዝናብ ድረስ አምስት ወቅት በተከታታይ ቀረ። ላ ኒኛ ሦስት ዓመት በተከታታይ መከሰቱ ለዚህ ከፍተኛ ድርሻ ነበረው። ከብት በብዙ መቶ ሺዎች ከዚያም በላይ አለቀ። በእንደዚህ ያለ ዓመት በኅዳር አጋማሽ ላይ የውኃ ቦቴ መንገድ፣ የመኖ ክምችት፣ ከብት ከመክሳቱ በፊት የመሸጥ ምክር በአንድነት መታሰብ አለበት። በጥር ወር የሚሸጥ ከብት በኅዳር ከሚሸጠው በጣም የረከሰ ዋጋ ያወጣል።

ዝናቡ ሲመጣም ነገሩ ሁልጊዜ ደስታ አይሆንም። ረጅም ድርቅ ያጎሳቆለው ከብት የመጀመሪያው ቀዝቃዛ ዝናብ ሲያርፍበት ይሞታል፤ በተለይ ፍየልና በግ። የጎርፉም ነገር አለ። ዋቢ ሸበሌ የሚነሣው ከባሌና ከአርሲ ደጋዎች ነው። ጎዴ፣ ቀላፎና ሙስታሂል ፀሐይ እየወጣ ሳለ፣ ከላይ የጣለው ዝናብ ከቀናት በኋላ ወንዙን ሞልቶ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የቀላፎ ሠራተኛ የቀላፎን ትንበያ ብቻ ሳይሆን የባሌን ትንበያ ማንበብ ይኖርበታል። በ2016 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር፣ ከአምስቱ ክፉ ወቅቶች በኋላ፣ በሶማሌ ክልል የደረሰው ጎርፍ ሕዝብ አፈናቅሏል፤ የተረፈውንም ከብት ወስዷል። የጭነት መኪና በረጠበ መንገድ ስለማይሄድ የዕርዳታ እህል ከዝናቡ በፊት ወደ ዕደላ ጣቢያው መግባት፣ ከገባም በኋላ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ተደርድሮ በሸራ መሸፈን ይኖርበታል።

ሠፋሪው

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ መተከል፣ አሶሳ፣ ጋምቤላ፣ ኢሉባቦር፣ ወለጋና ከፋ የተወሰደው ሕዝብ 600 ሺህ ገደማ ነበር። ያ ሰፈራ በብዙ በኩል ተተችቷል፤ አንዱ ምክንያት የደጋው ሰው ወደማያውቀው የአየር ጠባይ ያለ በቂ ዝግጅት መግባቱ ነው። ለወሎ ገበሬ ኅዳር የብርድና የጤና ወር ሲሆን፣ በቆላ የክረምቱ ዝናብ ካቆመ በኋላ በረጋው ውኃ የወባ ትንኝ የምትበዛበት ወቅት ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ በብዙ የአገሪቱ ቆላዎች የወባ ወቅት ነው። በደጋ ብርዱ ለወባ ጥገኛ ተሕዋስ ዕድገት እንቅፋት ሲሆንባት፣ በቆላ ሌሊቱ ስለሚሞቅ እንቅፋት የለባትም። ሠፋሪ ባለበት ወረዳ «የሌሊቱ ቅዝቃዜ መጠነኛ ይሆናል» የሚል ትንበያ ሲደርስ፣ የሚነበበው ለመድኃኒትና ለአጎበር ዝግጅት ነው።

ሰፈራ በሚካሄድበት ዘመን ሁሉ የመጀመሪያው ዓመት ሠፋሪ የአዲሱን አገር ምልክት አያውቅም። የደመናውን አመጣጥ፣ የነፋሱን መዞር፣ የወንዙን መሙላት የሚያውቀው ነባሩ ሕዝብ ነው። ትንበያው ወደ ሰፈራ ጣቢያ ሲደርስ ነባር ሽማግሌዎች በተገኙበት ቢነበብ ከማይክሮፎን ንባብ የተሻለ ይሰማል።

ስለ አኃዝና ስለ ቀን

በመግለጫው ውስጥ «ከመደበኛ በላይ» ወይም «ከመደበኛ በታች» የሚል ቃል ይገኛል። መደበኛ የሚባለው የ30 ዓመት አማካይ ነው። በኅዳር የሰሜኑ መደበኛ ወደ ዜሮ የተጠጋ ስለሆነ መቶኛው ያሳስታል። በአሥር ቀን ሁለት ሚሊ ሜትር በሚጠበቅበት ስፍራ ስድስት ቢጥል የመደበኛው 300 ከመቶ ይባላል፤ ለኩሬ ግን ምንም አይጨምርም። በደቡብ ቆላ 60 ከመቶ የሚል አኃዝ ከዚያ ይልቅ ከባድ ዜና ነው። ወቅታዊው ትንበያ ደግሞ በዕድል ይነገራል። ከመደበኛ በታች የመሆኑ ዕድል 45 ከመቶ ነው ሲባል፣ 55 ከመቶ ሌላ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ለዝግጅት ይበቃል፤ ለማረጋገጫ አይበቃም። የሳምንቱም ትንበያ ቢሆን ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የሚታመነውን ያህል ለስድስተኛውና ለሰባተኛው ቀን አይታመንም።

የቀኑም ጉዳይ ቀላል አይደለም። የአሥር ቀን መግለጫ የሚቆጠረው በአውሮፓውያን ወር ነው። የኖቬምበር ሦስተኛ አሥር ቀን፣ ከ21 እስከ 30 ያለው፣ በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር 12 እስከ 21 ነው፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነበት ዓመት ማግስት ደግሞ ከኅዳር 11 እስከ 20 ይሆናል። «የኅዳር ሦስተኛ አሥር ቀን» ብሎ በደፈናው የጻፈ ወረዳ ከኅዳር 21 በኋላ ያለውን ጊዜ ማለቱ ይሁን ሌላውን የሚያውቅ የለም። ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ቢጻፍ ይህ ችግር ይወገዳል።

ከወረዳ ወደ ላይ የሚላከው የዝናብ ንባብም እንዲሁ ነው። የዝናብ መለኪያው የሚነበበው ጠዋት በ3 ሰዓት ሲሆን፣ የተገኘው ውኃ ከትናንት 3 ሰዓት ጀምሮ የወረደው ነው። ዐርብ ማለዳ የተመዘገበው አብዛኛውን ጊዜ ሐሙስ ከሰዓት በኋላና ሌሊቱን የጣለው ነው። የረጠበውን ክምር ከዝናቡ ጋር የሚያገናኝ ሪፖርት የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ካላሰላ፣ ሐሙስ የረጠበው ክምር ዐርብ በተመዘገበ ዝናብ የረጠበ አይመስለውም። ዝናብ ያልጣለበትም ቀን «ዜሮ» ተብሎ መጻፍ አለበት። ባዶ የተተወ ቦታ ዝናብ አልነበረም ማለት ይሁን፣ ወይስ መለኪያውን ያነበበ ሰው አልነበረም ማለት ይሁን፣ በማዕከል ለሚቀበለው ባለሙያ አይታወቀውም። የሚቀጥለው ሳምንት ትንበያ የሚዘጋጀውም በዚሁ ንባብ ላይ ተመሥርቶ ነው።